ወደ ታች አልወርድ ያለው ሰንጠረዥ

ቀን፦ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሀይለመለኮት አምባዬ
የቀይ ገመገምና አካባቢው ነዋሪዎች ማዛወሪያ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የዐቢይ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የቴክኒክ ኮሚቴው የበላይ ጠባቂ፣ እንዲሁም የስክሪን ርክክብ ንዑስ ኮሚቴው የክብር አባል

ጉዳዩ፦ ዳገቱ ከመውረዱ በፊት ስክሪንዎ ወደ ታች እንዲወርድልን በትሕትና ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንዴት ነው? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? ባለፈው ቢሮዎ ስመጣ ጣሪያው እንደማያፈስ፣ ግድግዳው እንዳልተሰነጠቀ፣ በሩም ሲገፉት ጥርቅም ብሎ እንደሚዘጋ በዓይኔ አይቼ ስለ እርስዎ ደስ ብሎኛል፤ በዚህ ክረምት በሩ የሚዘጋለት ሰው የታደለ ነው። የእኛን ደህንነት ከጠየቁ፣ የቀይ ገመገም ሰዎች እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ደህና ነን። እስከ ዛሬ ጠዋት ያልኩት ከዚያ ወዲያ ያለውን ለመናገር ሥልጣኑ ስለሌለኝ ነው።

ማን እንደሆንኩ ዘንግተውኝ ከሆነ፣ ሰኔ ላይ ስምዎን ከስክሪን ያጠፋሁት ሴት እኔ ነኝ። ስሜ ወለተ ሥላሴ ይስማው ይባላል፤ በወረዳችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ቀይ ገመገም ነው፤ ከጮቄ ወገን በሚወርደው ሸንተረር ላይ፣ በላይ ዳገት በታች ገደል ይዞን፣ አሥራ ዘጠኝ ቤት ሆነን የምንኖርባት መንደር። አባቴ አቶ ይስማው ድረስ ዛሬም እዚያው ናቸው። ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ ስለ እሳቸው ነው፤ ሌላውን ምክንያት ሁሉ ቢተዉት ይህን አንዱን አይርሱብኝ።

ደብዳቤውን በገበያው መግቢያ ተለጥፎ የሚያገኘው ሰው ግራ እንዳይገባው ታሪኩን ባጭሩ ልበል። ሚያዝያ ላይ ከመንደራችን በላይ ያለው ዳገት ተሰነጠቀ። ባለሙያዎች መጥተው አይተው ለክተው፣ ክረምቱ ሲበረታ ዳገቱ ሊናድ ይችላልና ሰዉ ከሐምሌ በፊት ይነሣ አሉ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ሥራው ፈጥኖ ነበር፤ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሜዳው ላይ ስልሳ አንድ የቆርቆሮ ቤት ተሠራ፣ የስልሳ አንድ አባወራ ስም ተመዘገበ፣ በየተራው ስም እየጠራ የሚያነሣ ጽሕፈት ቤትም በእርስዎ መሪነት ተቋቋመ። መዝጋቢዎቹ ከአስፋልቱ ጀምረው ሽቅብ ስለ መጡ ለመንገድ የቀረበው መጀመሪያ ተጻፈ፣ ስንጥቁ ሥር ያለነው መጨረሻ ተጻፍን፤ ከ43 እስከ 61 ያለው ተራ ቁጥር የእኛ ነው። እነሆ ሐምሌ ተጋምሷል። እስካሁን የተጠራው አሥር አባወራ ነው። ሃምሳ አንዱ ቆርቆሮ ቤት ባዶውን ዝናብ ይቀጠቅጠዋል፣ ሃምሳ አንዱ አባወራ ደግሞ ስሙ እስኪጠራ ዳገት ሥር ተቀምጧል። ለምን ብዬ ብጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ሰንጠረዡ ወደ ታች አልወርድ ብሎ ነው የሚል ሆነ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ተራ ቁጥር በእናንተ ቤት ምን ያህል እንደሚከበር ስለማውቅ።

አንደኛ፤ ለስም ስለምትሰጡት ክብር አመሰግናለሁ። በሰንጠረዡ አናት የጽሕፈት ቤቱ ስም ሦስት መስመር ይዟል። ከሥሩ እርስዎ ከነሙሉ ማዕረግዎ፣ ከእርስዎ ሥር ምክትልዎ፣ ከዚያ የዐቢይ ኮሚቴው አሥራ አንድ አባላት፣ ከዚያ የቴክኒክ ኮሚቴው ዘጠኝ፣ ከዚያ ስምንት አማካሪ ሽማግሌዎች፣ በመጨረሻም “ሕዝባችንን ከአደጋ እንታደጋለን” የሚል መፈክር ተደርድሯል። ሠላሳ አራት መስመር ማለት ነው። በአገራችን ታላቅን ከታች ማስቀመጥ ነውር ስለሆነ ስማችሁ ከሕዝቡ ስም በላይ መጻፉን አልቃወምም፤ በሠርግ ቤትም የተከበረ እንግዳ ከላይ ነው የሚቀመጠው። ከላይ የሚቀመጠው እንግዳ በዝቶ ድንኳኑ ሲሞላና ሙሽራው ውጭ ሲቀር ግን እኔ በበኩሌ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስማችሁን አጥብቃችሁ ስለ መቸከላችሁ አመሰግናለሁ። ኤክሴል በሚባለው ፕሮግራም ላይ ፍሪዝ የሚሉት ነገር አለ። ዝርዝሩ ሲረዝም ርዕሱ ዓይን እንዳይርቅ አንዷን የርዕስ መስመር ከላይ ይቸክሏታል፣ የቀረው ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በአንድ ክፍለ ጊዜ ይማሩታል። አንዷን መስመር ብዬ ነው የማስተምራቸው። እርስዎ ግን ስማችን ከስክሪን አይጥፋ ብለው ሠላሳ አራቱም እንዲቸከሉ አዘዙ። ያም አልበቃ ብሎ መጀመሪያ የተዛወሩት አራት አባወራዎች የሥራ ውጤታችን ናቸውና ከስማችን ሥር ሁልጊዜ ይታዩ ብለው እነሱንም አስቸከሉ። ሠላሳ ስምንት ሆነ። የቢሮው ስክሪን ደግሞ የሚይዘው ሠላሳ ስምንት መስመር ብቻ ነው። እግዜር ያሳይዎት! ስክሪኑ እንዳለ ከተቸከለ በኋላ ማውዙን ቀኑን ሙሉ ቢያሽከረክሩት ምኑ ይንቀሳቀስ? ዝርዝሩ ይንሸራተታል፣ የሚንሸራተተው ግን ከስክሪኑ ጠርዝ በታች ነው፣ እዚያ ደግሞ ሰው አያይም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ይጻፍልኝ። ሰንጠረዡን የምትይዘው ሂዊ የምትባል፣ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ሠራተኛ ናት። ይህ አይሆንም ብላ ሁለት ጊዜ ነግራችኋለች፣ ሁለት ጊዜም ገና ጀማሪ ነሽ ተብላለች። ታዝዛ ፈጸመች እንጂ ጥፋት የለባትም። ይህን መጻፌ ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ ወደ እሷ እንዳይወርድ ነው፤ በእናንተ ቤት እስካሁን ያለ ችግር ወደ ታች ሲወርድ ያየሁት ነገር ጥፋት ብቻ ነውና።

ሦስተኛ፤ ችግሩን ለመፍታት ስላደረጋችሁት ያልተቋረጠ ጥረት አመሰግናለሁ። ሰንጠረዡ አልወርድ ሲል ማውዙ ነው ተባለና ማውዙ ተቀየረ። አዲሱም አልሠራ ሲል ሌላ ታዘዘ፤ እሱም በአውቶቡስ ሲመጣ የዓባይ በረሃ መንገድ በዝናብ ተዘግቶ ከበረሃው ማዶ ሁለት ቀን አደረ። የአሥራ ዘጠኝ ቤት ሰው የአንድ ማውዝ ደህንነት በጸሎት ሲለምን የነበረው ያኔ ነው። ሦስተኛውም ማውዝ አልሠራ ሲል ከከተማ ባለሙያ መጣ፣ የቁልፍ ሰሌዳውን በአልኮል ጠራርጎ፣ ኮምፒዩተሩ አርጅቷል የሚል የሁለት ገጽ ሪፖርት ጽፎ፣ ምሳውን በልቶ ተመለሰ። ሪፖርቱን አንብቤዋለሁ፤ ጽሑፉ ያማረ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ትልቁ ስክሪን። ይህን ስጽፍ ከልቤ ልስቅ አልኩና አልቻልኩም። በሰኔ መጀመሪያ አርባ አራት መስመር የሚይዝ ሰፊ ስክሪን መጣ። ከተቸከለው ሠላሳ ስምንት በታች ስድስት መስመር የምታህል ጠባብ መስኮት ተከፈተች፤ በእሷ በኩል ዝርዝሩ ሽር ብሎ መውረድ ጀመረ። አራት ቀን ሙሉ ወረደ! በአራቱ ቀን ስድስት አባወራዎች በየተራቸው ተጠርተው፣ መኪና መጥቶላቸው፣ ከብታቸውን ነድተው ተሻገሩ። ሂዊ ደውላ በዚህ አካሄድ እስከ ሐምሌ አጋማሽ እናንተ ጋ እንደርሳለን ስትለኝ እኔም እልል አልኩ። በአምስተኛው ቀን ስክሪኑን የተረከበው ንዑስ ኮሚቴ ስድስት አባላት ስማቸው እንዲገባ ጠየቁ። ስክሪኑን ተረክበው ስክሪኑ ላይ አለመጻፋቸው በእውነት ቅር ያሰኛል። ስድስቱ ከላይ ገቡ፣ እንደገናም ሁሉም ተቸከሉ፣ አርባ አራት ሞላ፣ መስኮቷም ተዘጋች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ሰው አልተጠራም።

አምስተኛ፤ ሰኔ 20 ቀን ስላደረጉልኝ አቀባበል። ቢሮዎ መጥቼ፣ እጅ ነሥቼ፣ ላስተካክልልዎ ብዬ አስፈቀድኩ። እርስዎም ሞክሪ አሉኝ። ጊዜ የሚፈጅ ነገር አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው። ፍሪዙን ፈታሁት፣ ማውዙን አሽከረከርኩ፣ ሰንጠረዡም እንደ ተፈታ ጥጃ ሽው ብሎ ሄደ። አሥራ አንድ አለ፣ ሃያ አለ፣ አርባ አለ፤ ከአርባ ሦስት ጀምሮ የጎረቤቶቼ ስም ብቅ ብቅ ሲል ሂዊ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሃምሳ ሰባተኛው ላይ የአባቴን ስም አየሁት። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ አየሁት፤ ምክንያቱም በዚያው ቅጽበት የእርስዎ ስም በስክሪኑ አናት በኩል ወጥቶ መሰወሩን ልብ ብለው ስሜን የት ወሰድሽው አሉኝ። አልጠፋም፣ ከላይ አለ፣ ሲመለሱ ይመለሳል ብዬ ባስረዳም አልሆነም። ኃላፊው የማይታይበት ሰንጠረዥ ባለቤት የሌለው ሰነድ ነው፣ በባለቤት አልባ ሰነድ ሕዝብ አይነሣም ብለው መልሺው አሉኝ። ርዕሱ የሌለበት ቅጂ ላውጣ ብልም ሕጋዊ አይሆንም አሉ። መለስኩት። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ የሚቆጨኝ ነገር ብዙ አይደለም፤ ያን ቀን ፈርቼ እጄ መታዘዙ ግን ሲያንገበግበኝ ይኖራል።

ስድስተኛ፤ ስለ ወረቀቱ። በስክሪን ካልታየ ይታተም ተብሎ ነበር። ይሁንና ስማችሁ በየገጹ አናት እንዲደገም ስለ ታዘዘ በእያንዳንዱ ገጽ ከአርባ መስመር የክብር ስም በኋላ ሁለት አባወራ ብቻ ይገባል። ቀይ ገመገም ሳይደርስ ወረቀቱ አለቀ። ሂዊ የተዛወሩት አሥር ሰዎች ከዝርዝሩ ይውጡና ሌላው ከፍ ይበል ብትል ደግሞ ውጤት አይሰረዝም ተባለች። በእጅ የተጻፈው መዝገብ የት ሄደ ብዬ ብጠይቅ ከእንግዲህ በዘመናዊ አሠራር ነው የምንሠራው ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። የቁልፉ ባለ አደራ ለሥልጠና ሄዷል።

ሰባተኛ፤ እናንተ ይህን ስትሠሩ ተራራውም ሥራ አልፈታም። በሰኔ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው አጽናንተውን ነበር። ተረቱን ዳገቱም ሰምቶት ኖሯል መሰለኝ፣ ቀስ በቀስ እየሄደ ነው። ቄሳችን አባ አምደሚካኤል በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ስንጥቁ ይወጣሉ። በግንቦት መቋሚያው ስንዝር ያህል ገባ፣ በሰኔ እስከ እኩሌታው ገባ፤ ባለፈው እሑድ ከነመደገፊያው ሊገባ ትንሽ እስኪቀረው ገብቶ መሬት አልነካም። ሲያወጡት ጫፉ ረጥቦ ነበር። ከእንግዲህ የምለካበት የለኝም ብለው ነግረውኛል፤ እኒህ ሰው በቀላሉ የሚደነግጡ አይደሉም፣ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ከስንጥቁ ሥር ያሉት ባሕር ዛፎች ወደ ገደሉ ዘንበል ብለዋል። የጎረቤታችን የዘቢደር በር ከሰኔ ሚካኤል ወዲህ አልዘጋ ብሎ በድንጋይ ታስደግፈዋለች። የምንጠጣው ምንጭ ደፍርሶ ደም መስሏል። ከብት እንኳ ከመንደሩ በላይ ያለውን ግጦሽ ትቶታል፤ ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳይመዘግበው በራሱ ተወው።

ስምንተኛ፤ አባቴ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ያህል እያያችሁ ለምን አትወጡም ብለው በልብዎ እየጠየቁ ሊሆን ይችላል፤ የጠየቁ እንደሆነ የራስዎን ማስታወቂያ ዘንግተውታል ማለት ነው። በግንቦት ወር፣ በቅዳሴ መውጫ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተነብቦልናል። ስሙ ሳይጠራ የመጣ አባወራ ቤት አይሰጠውም፣ ቀዬውንም በፈቃዱ ጥሎ እንደ ሄደ ይቆጠራል ይላል። ማኅተም አለበት፣ ፊርማዎም አለበት። አባቴ ያን ማስታወቂያ አጣጥፈው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረውታል።

አባቴ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ያልተጠሩበት ድግስ ሄደው፣ ያልተጠየቁትን መስክረው፣ ያልተሰጣቸውን ወስደው አያውቁም። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ እህሉን በየጆንያው ሞልተዋል፣ ዕቃውን በመጫኛ አስረዋል፣ ፈረሳቸውን ጠዋት ጠዋት ይጭናሉ፣ ማታ ማታ ያራግፋሉ። ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አስፋልቱን ያያሉ። ሁለት ጊዜ ሄጄ እግራቸው ሥር ወድቄ ለምኛቸዋለሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ሆኜ አልሞትም፤ መንግሥት ስምህን እጠራለሁ ካለኝ ይጠራኛል፣ የሰው ቃል እንዲህ በቀላሉ አይጣልም አሉኝ። እርስዎን ያምናሉ። በዚህ ወረዳ የጽሕፈት ቤትዎን ቃል እንደ ቃል የሚቆጥር አንድ ሰው ቢፈለግ ስንጥቁ ሥር የተቀመጡት አባቴ ናቸው። ያስገደላቸው እንደሆነ የሚያስገድላቸው ይኸው እምነታቸው ነው።

አሥራ ስምንቱ ጎረቤቶቻችንም እሳቸውን ነው የሚያዩት። ይስማው ፈረሱን ጭኖ ከተነሣ እንነሣለን፣ እሱ ከተቀመጠ ምን ቸገረን ይላሉ። ስለዚህ አንድ ስም አለመጠራቱ አሥራ ዘጠኝ ቤት አስሮ ይዟል። ዘቢደር የአራት ወር ልጇን ታቅፋ ያን የማይዘጋ በር እየጠበቀች ያለችው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ብቻ ነው። ኮምፒዩተር አይቀየር፣ ማውዝ አይገዛ፣ ባለሙያም አይምጣ። እርስዎ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሻይ ሊጠጡ ይውጡ፤ ስምዎ ከስክሪኑ ሲሰወር እንዳያዩት ነው። ሂዊ ሁለት ጊዜ ጠቅ ታድርግ፣ ወደ ታች ትውረድ፣ ከአርባ ሦስት እስከ ስልሳ አንድ ያለውን ስም ታንብብ፣ የጥሪ ወረቀቱ ይውጣ። ሲመለሱ ስምዎ ከነማዕረጉ እቦታው ተቸክሎ ያገኙታል። አንድ ፊደል እንኳ እንደማይጎድል በሙያዬ አረጋግጥልዎታለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኛን ግን ማሳሳቁ አብቅቷል፣ የቀረው መውሰዱ ነው።

ስምዎ ከላይ ሳይነቃነቅ እንዲኖር፣ ስክሪንዎ እንዲሰፋ፣ ኮሚቴዎችዎ እንዲበዙ፣ እኛም ይህን ሁሉ ለማየት እንድንበቃ እየተመኘሁ፣ ከዳገቱ ሥር የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ወለተ ሥላሴ ይስማው
የኮምፒዩተር መምህርት፣ የተራ ቁጥር 57 ልጅ

ግልባጭ፦
ለዐቢይ ኮሚቴው አሥራ አንድ አባላት፣ ለየስማቸው
ለሂዊ፣ ጥፋት እንደሌለባት እንድታውቀው
ለዳገቱ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ መሆኑን ተረድቶ ጥቂት እንዲታገሥ

ማስታወሻ፦ ከላይ ያለውን ትናንት ማክሰኞ ፈርሜ ግልባጩን በጽሕፈት ቤትዎ በኩል አስገብቼ ነበር። ስለ ፈጣን ምላሽዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ስትፈጥኑ አይቼ አላውቅም። ዛሬ ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሂዊ እያለቀሰች ደውላ እንደ ነገረችኝ፣ አቤቱታዬን የሚመረምር ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሞ ስማቸው ከላይ ገብቷል። አርባ ሰባት መስመር ሆናችኋል፣ ስክሪኑ ግን አርባ አራት ነው። እነዚያ የሥራ ውጤት የተባሉት አራት አባወራዎች እንኳ ከስክሪን ወጥተዋል። ሕዝባችንን ከአደጋ እንታደጋለን የሚለው መፈክርና ሁለት የኮሚቴ አባላትም አብረው ወደ ታች ወድቀዋል፤ እንኳን ወደ እኛ በደህና መጡ።

ከሂዊ ቀጥለው አባ አምደሚካኤል ደወሉ። ሲደፈርስ የሰነበተው ምንጭ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ጨርሶ ነጥፏል። በዚህ ዝናብ! ውሃው የት እንደ ገባ እርስዎም እኔም እናውቃለን።

ስለዚህ ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። የስፖርት መምህራችን ጌቱ የትምህርት ቤቱን ድምፅ ማጉያ ይዞ አብሮኝ ይሄዳል፤ አባቴ የእኔን ድምፅ ስለሚያውቁት የሚጠራው እሱ ነው። ከገደሉ ማዶ ቆሞ፣ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ስም፣ ከአርባ ሦስት እስከ ስልሳ አንድ ያለውን በየተራው ይጠራል። ሃምሳ ሰባት ላይ ሲደርስ አባቴ አቤት ብለው ይነሣሉ፣ ፈረሳቸውን ይስባሉ፣ መንግሥት ቃሉን ጠበቀ ብለው ይመርቁዎታል። እኔም ዋሽቼ እንደማላውቅ የሚያምኑትን አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ እዋሻቸዋለሁ። በሐሰት ጥሪ ማድረግ በሕግ እንደሚያስጠይቅ አውቃለሁ፤ ጥፋተኛ ሲፈለግ ወለተ ሥላሴ ይስማው ብላችሁ ጻፉ። ከላይ ግን ጻፉት፤ ከታች ከጻፋችሁት አታገኙኝም።